ገጸ ባሕርይ ሲሞት፦ የጠረጴዛ ሚና ጨዋታ ለሚመሩ

በሚና ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በጋራ ታሪክ ውስጥ ይጫወታል፤ ዕድሉን ዳይስ ይወስናል። አንድ ተጫዋች ለወራት ያሳደገው ገጸ ባሕርይ ሲሞት የሚነሳው ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ ስለ ሞቱ አይደለም። "እንዲህ በቀላሉ እንደሚሞት ማን ነገረኝ?" የሚል ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ዳይሱ ከመወርወሩ በፊት የሚሠራ ነው። ይህ ጽሑፍ ለአጫዋቹ፣ ማለትም ታሪኩን ለሚተርከው፣ ጭራቆቹን ለሚያንቀሳቅሰውና ሕጉን ለሚዳኘው ጌም ማስተር ነው። ቁጥሮቹ የተወሰዱት እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ከተባለው የሚና ጨዋታ 5ኛ እትም ነው፤ በሌላ ሕግ የምትጫወቱ ቁጥሩን ቀይራችሁ አካሄዱን ውሰዱ።

ዘመቻው ሳይጀመር

ዘመቻው፣ ማለትም ለብዙ ሳምንታት የሚቀጥለው ታሪክ፣ ሳይጀመር ገጸ ባሕርያቱ በሚፈጠሩበት ቀን "ሞት ይኑር ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም "ይኑር እንጂ!" ይላል። የመጀመሪያው ሰው ሲሞት ግን እያንዳንዱ በልቡ ሌላ ነገር ይዞ እንደነበር ይታያል። ጥያቄውን አጥብቡት፦ "በሁለተኛው ሳምንት፣ ጎብሊን በሚባል አንድ ተራ ትንሽ ጭራቅ፣ በመጥፎ ዕድል ብቻ ብትሞት ይዋጥልሃል?" አይዋጥልኝም ያለ ሰው ፈሪ አይደለም። ሞት በትልልቅ ፍልሚያዎች ብቻ እንዲመጣ ነው የፈለገው፤ ቡድኑ ከተስማማ ያም ሕግ ይሆናል።

ከዚህ ጋር ሦስት ነገር ቁረጡ፤ በወረቀትም አስፍሩት። አንደኛ፣ ሙት ማስነሣት በዚህ ዓለም አለ ወይ? ካለስ ማን ጋር ይገኛል? ሁለተኛ፣ የሞተበት ሰው አዲስ ገጸ ባሕርይ በስንተኛ ደረጃ (ገጸ ባሕርይ በልምድ የሚያድግበት የኃይል መለኪያ) ይገባል? ሦስተኛ፣ የአጫዋቹ ዳይስ በግልጽ ይወረወራል ወይስ ከመከለያ ጀርባ? በሦስተኛው ላይ ምርጫችሁ ምንም ይሁን፣ የወደቀ ሰው ላይ የሚሰነዘር ምት ግን ሁልጊዜ በግልጽ ይወርወር። አንድ ጊዜ ዳይስ እንደደበቃችሁለት ያወቀ ተጫዋች ከዚያ በኋላ በሕይወት በተረፈ ቁጥር ራሱ ተርፎ ይሁን እናንተ አትርፋችሁት አያውቅም።

በዚያው ቀን እያንዳንዱ ተጫዋች ተጠባባቂ ገጸ ባሕርይ ያዘጋጅ። ሙሉ ወረቀት አያስፈልግም፤ ስም፣ ሙያ፣ ዘር፣ ከቡድኑ ጋር የሚያገናኘው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሞት የመጣ ቀን ግን ተጫዋቹን ከሁለት ሰዓት መፋዘዝ ያድነዋል።

ቁጥሩ የሚገድለው የት ላይ ነው

የሕይወት ነጥቡ (ጉዳት ሲደርስበት የሚቀነሰው ቁጥር) 0 የደረሰ ገጸ ባሕርይ ራሱን ይስታል። ተራው በደረሰ ቁጥር በባለ 20 ገጽ ዳይስ የሞት ሽረት ውርወራ ይወረውራል። 10ና ከዚያ በላይ ስኬት ነው፣ ከዚያ በታች ውድቀት። ሦስት ስኬት ሲሞላ ይረጋጋል፣ ሦስት ውድቀት ሲሞላ ይሞታል። 1 እንደ ሁለት ውድቀት ይቆጠራል፤ 20 ከመጣ በ1 የሕይወት ነጥብ ይነቃል። ማንም ካልረዳው፣ ማንም ካልመታውም፣ የመሞት ዕድሉ 40 በመቶ ያህል ነው። ያለ ምንም ስኬት አንድ ውድቀት ካለበት 58 በመቶ፣ ሁለት ካለበት ወደ 79 በመቶ ይወጣል።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ለተጫዋቾቻችሁ ንገሯቸው። "ገና ሁለት ውርወራ ይቀረዋል፤ በሚቀጥለው ዙር እደርሳለሁ" የሚለው ስሌት ብዙ ሰው ያስገደለ ነው። በእርግጥ የሚቀረው ሁለት ውርወራ ላይሆን ይችላል፦ ራሱን የሳተን ሰው በ5 ጫማ (1.5 ሜትር ገደማ) ርቀት ውስጥ ሆኖ ያገኘ ምት ሁሉ ክሪቲካል (የጉዳቱ ዳይስ እጥፍ የሚወረወርበት ምት) ነው፤ በወደቀ ሰው ላይ ያረፈ ክሪቲካል ደግሞ ሁለት ውድቀት ያስመዘግባል። በአንድ ተራ ሁለቴ የሚመታ ጭራቅ ያለ ምንም ውርወራ ይጨርሰዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ጭራቁ የወደቀውን ሊመታ ካሰበ አንድ ዙር ቀድማችሁ በትረካ አሳዩ፦ "ኦገሩ ፊቱን ከጋሻ ጃግሬው መለሰ፤ ዱላውን መሬት ላይ ወደተዘረረችው አስማተኛ አዞረ።" ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፣ መረጃ ነው፤ ሌሎቹ ጣልቃ የሚገቡበት አንድ ተራ አገኙ። ጭራቁ ያን የሚያደርግበት ምክንያት ግን ይኑረው። የተራበ አውሬ የወደቀውን እየጎተተ ይሄዳል እንጂ ቆሞ አይቀጠቅጥም። አስተዋይ ጠላት ደግሞ ፈዋሹ አንድን የወደቀ ሰው ሲያስነሣ ባይኑ ካየ በኋላ ቀጣዩን ቢጨርስ ማንም "ለምን?" አይልም።

በዝቅተኛ ደረጃ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። 0 ላይ ካደረሰው በኋላ የተረፈው ጉዳት ከገጸ ባሕርዩ ሙሉ የሕይወት ነጥብ ጋር እኩል ወይም በላይ ከሆነ ሞቱ ወዲያውኑ ነው፤ የሞት ሽረት ውርወራ የለም። ሙሉ ነጥቧ 8 የሆነች የ1ኛ ደረጃ አስማተኛ 3 ነጥብ ቀርቷት ኦገር ቢመታት፣ አማካይ ምቱ 13 ነው፤ ሦስቱ 0 ያደርሷታል፣ የተረፈው 10 ከ8 ይበልጣል፣ አለቀ። ልብ በሉ፣ ይህ ክሪቲካል እንኳን አይደለም። ያችው አስማተኛ 5ኛ ደረጃ ደርሳ ሙሉ ነጥቧ 32 ቢሆን ግን በዚያው ሁኔታ የሚገድላት 35 ጉዳት ነው። ስለዚህ 1ኛና 2ኛ ደረጃ ላይ ላለ ቡድን ብዙ ትንንሽ ጠላት ከአንድ ከባድ መቺ ይሻላል። ከባዱን የግድ ማምጣት ካለባችሁ ቡድኑ ከሩቅ የሚያየውና የሚሸሸው አድርጉት።

ተቃራኒው ችግርም አለ፦ በየዙሩ ወድቆ በየዙሩ የሚነሣ ሰው። በዚህ ሕግ ከ0 በታች የሚቆጠር ነገር ስለሌለ 1 ነጥብ ያገኘ ሁሉ ሙሉ ጉልበት ይዞ ይነሣል፤ ሞት መቀለጃ ይሆናል። አንዳንድ ቡድኖች በወደቀ ቁጥር አንድ የድካም ደረጃ (በጨመረ ቁጥር ገጸ ባሕርዩን ይበልጥ የሚያዳክም ቅጣት) ይጨምሩበታል። ይሠራል፣ ግን ከ3ኛው የድካም ደረጃ ጀምሮ የሞት ሽረት ውርወራውም ሁለት ዳይስ ተወርውሮ ዝቅተኛው የሚወሰድበት ይሆናል፤ 6ኛው ራሱ ገዳይ ነው። በረጅም እረፍት የሚነሣው ደግሞ አንድ ደረጃ ብቻ ስለሆነ ቡድኑ ለቀናት ተኝቶ ሊያድር ይፈልጋል። በፓዝፋይንደር 2ኛ እትም ያለው መንገድ የተስተካከለ ነው፦ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ቁስለኛ ተብሎ ይመዘገባል፣ ዳግም ሲወድቅ ያ ቁጥር በሞቱ ቆጠራ ላይ ይደመርበታል።

ሰው "ለምን አልሸሻችሁም?" ይላል። ፍርግርግ ሰሌዳ ላይ መሸሽ ከባድ ስለሆነ ነው። ሯጩም አባራሪውም እኩል ይሮጣሉ፣ ዞር ያለ ሁሉ ጀርባውን ይመታል። ቡድኑ "እንሽሽ" ሲል ሰሌዳውን አንሡና ዋጋ ጠይቁ፦ ሻንጣው ይቀራል፣ ወይ አንድ ሰው ይቆስላል፣ ወይ የወደቀው ሬሳ ይተዋል። ይህ በር እንዳለ አስቀድመው ካላወቁ አይጠቀሙበትም።

ዳይሱ ካረፈ በኋላ

"ሞተ" ከማለታችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ውሰዱና ሒሳቡን አብራችሁ ፈትሹ። ጉዳቱ በትክክል ተደምሯል? ጊዜያዊ የሕይወት ነጥብ ነበረው? ጉዳቱን በግማሽ የሚያስቀንስ መቋቋሚያስ? ከቡድኑ ውስጥ ያልተጠቀመበት ምላሽ (ከተራ ውጭ የሚደረግ እርምጃ) ያለው ሰው አለ? ይህ ሁሉ ቀድሞ ሲደረግ ማጣራት ነው፤ ከታወጀ በኋላ ሲደረግ ልመና ይሆናል።

ከዚያ ተጫዋቹን "አሟሟቱን አንተ ትናገራለህ ወይስ እኔ ልናገር?" በሉት። መጨረሻውን በራሱ አፍ የተናገረ ሰው ገጸ ባሕርዩን ለመልቀቅ ይቀለዋል። የመጨረሻ ቃል ስጡት፣ ግን ወሰኑን ንገሩት፦ አንድ ዓረፍተ ነገርና አንድ ሕግ የማይጠይቅ እንቅስቃሴ። ወሰን ካልተበጀለት ሟቹ በመጨረሻ ትንፋሹ ዋናውን ጠላት ሊገድል ይነሣል፣ ክርክሩም እንደ አዲስ ይጀመራል።

ፍልሚያውን መሐል ላይ አታቋርጡት፤ የቀሩት አሁንም አደጋ ላይ ናቸው፣ እልሁም የሚወጣው እዚያ ነው። ካለቀ በኋላ አሥር ደቂቃ እረፉ። ተጫዋቹ ከልቡ ከተከፋ ግን፣ እንባም ይሁን ድንገተኛ ዝምታ፣ እረፍቱ ወዲያውኑ ይሁን። ሬሳው የት እንደወደቀና ምን እንደያዘ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይህን በትክክል የሚያስታውስ የለም።

አንዴ ከታወጀ አትመልሱት። የሕግ ስሕተት በዚያው ቀን ከተገኘ አርሙት፤ ሳምንት ቆይቶ ከተገኘ ምርጫውን ለባለቤቱ ስጡ። አንዳንዱ አዲሱን ገጸ ባሕርይ ወዶት "ይቅር" ይላል።

ለቀሪው ሰዓት ማንም ዳይስ ሳይነካ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ለሟቹ ባለቤት ከቡድኑ ጋር ያለ መንገድ መሪ ወይም ቅጥረኛ ስጡት፤ ካልሆነም ቀጣዮቹን ጭራቆች ያጫውት። የሕይወት ነጥብ፣ የመከላከያ ቁጥርና አንድ ምት የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ትበቃለች። (ገዳዩን ጭራቅ ራሱን ለእሱ መስጠት ግን ባልተጠበቀ መልኩ ጨካኝ አጫዋች ያፈራል።)

አልማዝ ያላት ቡድን

እስከ 4ኛ ደረጃ ድረስ ቡድኑ በራሱ ሙት ማስነሣት አይችልም። 5ኛ ደረጃ የደረሰ ካህን በአንድ ደቂቃ፣ ማለትም በ10 ዙር ውስጥ የሞተን ሰው በ1 የሕይወት ነጥብ ይመልሳል፤ ድግምቱ የ300 ወርቅ አልማዝ ይበላል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ወርቅ መያዛቸውን እንጂ አልማዝ መያዛቸውን ባለመቁጠራቸው ነው። ዋሻ ውስጥ አልማዝ ሻጭ የለም። ቡድኑ ይህን መንገድ እንዲያገኝ ከፈለጋችሁ አልማዙን 5ኛ ደረጃ ሳይደርሱ በምርኮ ውስጥ አስቀምጡላቸው፤ ካልፈለጋችሁ አልማዝ ብርቅ መሆኑን በግልጽ ንገሯቸው።

9ኛ ደረጃ ላይ እስከ 10 ቀን ድረስ የሞተ ይነሣል። 500 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝና የአንድ ሰዓት ሥርዓት ይፈልጋል። ሬሳው ጭንቅላት ወይም ሌላ ያለእሱ የማይኖርበት አካል ከጎደለው ድግምቱ አይሠራም። የተነሣው ሰው በምት፣ በመቋቋምና በችሎታ ውርወራዎቹ ላይ 4 ይቀነስበታል፤ በእያንዳንዱ ረጅም እረፍት አንድ አንድ ይመለስለታል። ጉዞው ሩቅ ከሆነ ሬሳን ከመበስበስ የሚጠብቀው የ2ኛ እርከን ድግምት ቀኑን ያስቆመዋል፤ ብዙዎች ይረሱታል። 13ኛ ደረጃ ላይ ገደቡ 100 ዓመት፣ ዋጋው 1,000 ወርቅ ነው። 17ኛ ላይ ያለ ሬሳም ይቻላል፤ ዋጋው 25,000 ነው።

ነፍሱ ካልፈቀደች ግን የትኛውም አይሠራም፤ የሚፈቅደው ተጫዋቹ ነው። ጥያቄውን ለብቻው አንሡለት። ጓደኞቹ አልማዝ ይዘው ሲማጸኑ "ይብቃኝ፣ ታሪኩ አልቋል" ማለት ከባድ ነው።

ከፍተኛ ደረጃ ላይ ወርቅ ዋጋ መሆኑ ይቀራል። ያኔ በጊዜ፣ በውለታ ወይም ለካህኑ በሚፈጸም ተልእኮ አስከፍሉ። የተነሣውን ሰው ጥንካሬ ወይም ጉልበት ለዘለቄታው መቀነስ ግን አንድን ሰው ሁለቴ መቅጣት ነው፤ ደካማ ሆኖ ስለተመለሰ ቀድሞ የሚሞተውም እሱ ነው።

አዲሱ ሰው

በዚሁ ምክንያት አዲሱ ገጸ ባሕርይ ከቡድኑ እኩል ደረጃ ላይ ይግባ። "አንድ ደረጃ ዝቅ" የሚለው የቆየ ልማድ የሞተበትን ተጫዋች ለሚቀጥለው ሞት ያመቻቸዋል።

ዕቃ ላይ ግን ጠንከር በሉ። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው የ500 ወርቅ ንብረት ቢኖራቸው ቡድኑ 2,000 አለው። አንዱ ሞቶ ዕቃው ለሦስቱ ቀርቶ አዲሱም ከ500 ጋር ቢመጣ 2,500 ሆነ። እንዲህ ሁለት ሰው ቢሞት 3,000። ተጫዋች ሞኝ አይደለም፤ ሞት ገቢ እንደሚያስገኝ ቶሎ ይደርስበታል። ወይ የሟቹ ዕቃ አብሮት ይቀበር ወይም ለቤተሰቡ ይላክ፣ ወይ አዲሱ በጀማሪ ትጥቅ ብቻ ገብቶ የሟቹን ይውረስ። ሁለተኛው ይሻላል፤ ሰይፉ ታሪክ ይዞ ይቀጥላል። ወራሹ ሰይፍ የማይዝ አስማተኛ ከሆነ ከጓዶቹ ጋር ይለዋወጥ።

የሚገባበትን ቦታ ቅርብ አድርጉት፦ ቀጣዩ ክፍል ውስጥ የታሰረ እስረኛ፣ ከዚያው ጭራቅ ያመለጠ ሌላ አዳኝ፣ ሟቹን ፍለጋ የመጣ አበዳሪ። ቡድኑ እስኪያምነው የሚደረገው መጠራጠር አሥር ደቂቃ ካለፈ ያሰለቻል፤ ያኔ ከትረካ ወጥታችሁ "ይህ ሰው የጓደኛችሁ ገጸ ባሕርይ ነው፣ ለመቀበል ምክንያት ፈልጉ" በሏቸው። "መንታ ወንድሙ ነኝ" ብሎ ያንኑ ወረቀት ስም ቀይሮ የሚያመጣም አለ። ወንድምነቱን ፍቀዱለት፣ ግን ሙያው ወይም ዓላማው ይለይ። ሟቹ ጥሎት ከሄደው ያልተቋጨ ጉዳይ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ለአንድ በሕይወት ላለ ሰው አሸክሙት፤ የቀረው ከእሱ ጋር ይቅር።

ሁሉም የወደቁ ቀን

ምርኮኛ ማድረግ የሚያስኬደው ጠላት ሰውን በሕይወት የሚፈልግበት ምክንያት ሲኖረው ብቻ ነው፤ ይህንንም የመጨረሻው ሰው ሳይወድቅ ወስኑ፣ አለበለዚያ ምሕረት መሆኑ ያስታውቃል። ምክንያት ከሌለ ጨዋታውን እዚያ አቁሙና ቀጣዩን ምርጫ ለቡድኑ አቅርቡ፤ ማታውኑ አታስወስኑ፣ ጥቂት ቀን ስጧቸው። ያው ዘመቻ በአዲስ ቡድን ይቀጥል ካሉ ታሪኩን በጥቂት ወራት ወደፊት አሻግሩ፤ የቀድሞዎቹ ያላስቆሙት ነገር እስከዚያ የት እንደደረሰ አሳዩ፣ ዕቃቸውንም በጠላት እጅ አድርጉት። ሁሉም ከ1ኛ ደረጃ ይጀምር የሚል ካለ የቀረው የዘመቻው ጠላት ስንተኛ ደረጃን እንደሚጠይቅ አይታችሁ መልሱለት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወደቁበት አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ማለት ይበቃል፤ ሁሉም እኩል ስለሚወርድ እዚህ ላይ አንዱን ከሌላው የሚያሳንስ ነገር የለም።