የስልክ ማዞሪያችሁን መጠባበቂያ ዕቃዎች እንዴት ትይዛላችሁ?

አዳማ ውስጥ የሆቴልና የድርጅት የስልክ ማዞሪያ እጠግናለሁ። ትልልቆቹ ማዞሪያዎች፣ ፒቢኤክስ የምንላቸው፣ ብዙ ነገራቸው ጥንድ ነው። ሁለት ፓወር ሰፕላይ፣ ሁለት ዋና ካርድ (ማዞሪያውን የሚመራው ሰሌዳ)፣ ከሥር ደግሞ ባትሪ። አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካዋል። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ሲሞት ማንም አይሰማም። ስልኩ ይሠራላ! ቀዩ መብራት ጨለማ ክፍል ውስጥ ለብቻው ወራት ያበራል። እኔ የምጠራው ሁለተኛው ሲከተል ነው።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን ገብታችሁ መብራቶቹን እዩ። ሁሉም ደህና ሲሆን ፎቶ አንስታችሁ ብታስቀምጡ በኋላ ለማነጻጸር ይመቻል።

ከዚያ የፓወር ገመዶቹን ከማሽኑ እስከ ግድግዳው ድረስ በእጃችሁ ተከተሉ። በዓይን አይበቃም። ሁለቱ ፓወር ሰፕላዮች አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተው ያገኘሁበትን ጊዜ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ያ መጠባበቂያ አይባልም። አንዱን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ላይ፣ ሌላውን በተለየ ብሬከር በሚመጣ ሶኬት ላይ ሰኩ። ስልክ በማይበዛበት ሰዓት አንዱን ንቀሉና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። መልሳችሁ ሰክታችሁ አረንጓዴው ሳይበራ ሁለተኛውን እንዳትነኩ።

አቧራ። የአዳማ ነፋስ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ጣቢያዎችን የሚያዞር ነው፤ ከእናንተ መስኮት አቧራ ማስገባት አያቅተውም። ማጣሪያውን በየወሩ አጽዱ። ብሎወር ስትጠቀሙ ፋኖቹን በጣታችሁ ያዙ፤ በኃይል ሲሽከረከሩ ይበላሻሉ።

ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ባለ 12 ቮልት አራት ሆኖ በተከታታይ የታሰረ ነው፤ ድምሩ 48። ቻርጀር ላይ እያለ በቴስተር ብትለኩት እያንዳንዱ 13.5 ገደማ ያሳያል። የሞተ ባትሪም እንዲሁ ሊያሳይ ስለሚችል አትሸወዱ። ቻርጀሩን አጥፍታችሁ ማዞሪያው በባትሪ ብቻ ሃያ ደቂቃ ይሥራና ያኔ ለኩ። አንዱ ከጓደኞቹ አንድ ቮልት ያህል ከወረደ ጊዜው አልፏል። ስትቀይሩ አራቱንም ቀይሩ፤ ቀለበትና ሰዓታችሁን አውልቁ። ሙቀት ባትሪ ይገድላል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ባትሪ ጄኔሬተር ቤት የሚያስቀምጥ ሰው ገንዘብ የተረፈው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ዋና ካርዶቹ። አንዱ ሥራ ላይ ነው፣ ሌላው ተጠባባቂ። ተጠባባቂው የውስጥ ቁጥሮችን፣ የክፍሎችን ስም፣ ማን ውጭ መደወል እንደሚችል፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይቀዳል። መቅዳት አለበት ማለቴ ነው። የሶፍትዌር ቨርዥናቸው ከተለያየ ላይቀዳ ይችላል።

አንድ ሆቴል ውስጥ የተበላሸ ተጠባባቂ ካርድ ቀየርኩ። አዲሱ ባዶ ነበር። የሞላውን ወደ ባዶው መቅዳት ነበረብኝ። ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሆነ ማሽኑ ጠየቀኝ፤ ሳላነብ እሺ አልኩ። ባዶው የሞላውን አጠፋው። ባክአፕ? «ስጨርስ እወስዳለሁ» ብዬ ነበር። ኦፕሬተሯ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ጋሼ፣ ጭጭ ብሏል እኮ» ስትለኝ ላብ አጠመቀኝ። ያወጣኝ ከጠረጴዛዋ መስታወት ሥር ያስቀመጠችው፣ በእጇ የጻፈችው የቁጥር ዝርዝር ነው። እሷ እያነበበች፣ እኔ እያስገባሁ ነጋ።

እና ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ካርድ ከመንካታችሁ በፊት ባክአፕ ወስዳችሁ ከማሽኑ ውጭ፣ ፍላሽ ላይም ላፕቶፕ ላይም አስቀምጡ። የሁለቱን ቨርዥን አነጻጽሩ። ከዚያ ማታ፣ ጥሪ ሲቀንስ፣ ሥራውን ወደ ተጠባባቂው በትእዛዝ አዛውሩ። ካርዱን መዞ ማውጣት ፈጣን ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የተጀመሩ ጥሪዎች ሊቋረጡ ስለሚችሉ ኦፕሬተሯ ቀድማ ትወቅ። ከውስጥ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ደውሉ። ፋክስም ካለ ሞክሩት። ሁሉም ከሠራ ወዲያው አትመልሱት፤ ሳምንት በተጠባባቂው ይሥራ። በአሥር ደቂቃ የማይታይ ብልሽት ሲሞቅ ይወጣል። ካርድ በእጅ ስትይዙ የስታቲክ ማሰሪያ፣ ማለትም ከሰውነታችሁ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዳይጎዳ የሚከላከለው፣ እጃችሁ ላይ ይሁን።

የሞከራችሁበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ካርዱ አጠገብ ለጥፉ። የማዞሪያው ክፍል ቁልፍም ሁለት ይሁን፤ አንዱ ጥበቃ ጋ ይቀመጥ። አንዴ ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ሞጆ ሄዶ፣ መለዋወጫ ካርድ በእጄ ይዤ ሁለት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆሜያለሁ።