ካሜን ራይደርን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው፦ ከየት መጀመር፣ እንዴት መመልከት

ካሜን ራይደር የተባለውን፣ ራይደር የሚባሉ ጭምብል ያጠለቁ ጀግኖች ከጭራቆች ጋር የሚዋጉበትን የጃፓን የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ለማየት ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ገና ከደጃፉ የሚመለሰው፣ በጎማ ልብስ የተሠሩት ጭራቆች ስላሳቁት ሳይሆን የክፍሎቹ ብዛት ስላስፈራው ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 1971 መታየት የጀመረው የመጀመሪያው ተከታታይ ብቻውን 98 ክፍሎች አሉት። ከ2000 ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ተከታታይ ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ የአብዛኞቹ ርዝመት ከ45 እስከ 50 ክፍል ይደርሳል። ይህን ሁሉ ከሥር ጀምሮ በቅደም ተከተል ልወጣው የሚል ሰው መንገድ ላይ መቅረቱ አይቀርም፤ ደግነቱ ግን እንዲህ ማድረግ ከቶ አያስፈልግም።

ከ2000 በኋላ የተሠራው እያንዳንዱ ተከታታይ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ የራሱ ጀግና፣ የራሱ ዓለምና የራሱ ፍጻሜ ስላለው፣ ያለፈውን ዓመት ያላየ ሰው የቀጣዩን ለመረዳት አይቸገርም። ለጀማሪ የማይመከሩት በ2009 የወጣው ዲኬድና በ2018 የጀመረው ዚ-ኦ ናቸው። ሁለቱም የቀደሙትን ጀግኖች እየጠሩ የሚያሰባስቡ የመታሰቢያ ሥራዎች በመሆናቸው፣ ደስታቸው የቆዩትን ፊቶች ለሚያውቅ እንጂ ለአዲስ ሰው አይደለም።

ከ1971ዱ ሥራ አስቀድመው ማወቅ የሚኖርብዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሥዕል ታሪክ ደራሲው ሾታሮ ኢሺኖሞሪ በፈጠረውና ቶኤይ የተባለው ኩባንያ ባዘጋጀው በዚያ ታሪክ፣ ሆንጎ ታኬሺ የተባለ ወጣት ሞተረኛ ሾከር በተሰኘ ምሥጢራዊ ድርጅት ይጠለፋል፤ ሰውነቱም በቀዶ ሕክምና ተለውጦ የፌንጣ ኃይል ይሰጠዋል። አእምሮውን ለመቆጣጠር የታሰበው የመጨረሻው ሥራ ከመፈጸሙ በፊት አምልጦ፣ በሰጡት ኃይል መልሶ ይዋጋቸዋል። ጀግናውና ጠላቱ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው ማለት ነው። ይህ ሐሳብ መልኩን እየቀያየረ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ለምሳሌ በ2010 በጀመረው ኦዝ ጀግናው የሚለወጥባቸው ሜዳሊያዎች ጭራቆቹ ራሳቸው የተሠሩባቸው ሜዳሊያዎች ናቸው። የትኛውንም ተከታታይ ሲጀምሩ «የጀግናው ኃይል ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁ፤ የታሪኩ ክብደት ያለው ብዙውን ጊዜ መልሱ ውስጥ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው የምመክረው ደብል የተባለውን ነው። ከሴፕቴምበር 2009 እስከ ኦገስት 2010 የታየ ሲሆን 49 ክፍሎች አሉት። ታሪኩ የሚፈጸመው ፉቶ በተባለች፣ በየጣሪያውና በየጎዳናው የነፋስ ማሽከርከሪያ በሚታይባት ምናባዊ ከተማ ነው። ሾታሮ የተባለው ወጣት እንደ ድሮ ፊልም መርማሪዎች ኮስታራና ልበ ደንዳና መሆን የሚመኝ፣ ነገር ግን ልቡ ቶሎ የሚራራ የግል መርማሪ ነው። ባልደረባው ፊሊፕ በበኩሉ የዓለምን ዕውቀት ሁሉ በአእምሮው ውስጥ ባለ ቤተ መጻሕፍት መፈለግ የሚችል፣ የራሱን ያለፈ ሕይወት ግን የማያስታውስ ልጅ ነው። በከተማዋ ፍላሽ የሚመስሉ ትንንሽ ዕቃዎች በስውር ይሸጣሉ። ገዝቶ ሰውነቱ ውስጥ የሚከታቸው ሰው ወደ ጭራቅ ይለወጣል። ወንጀለኞቹ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጥረታት ሳይሆኑ ቂም የያዙ፣ የቀኑ ወይም የጓጉ የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው፤ ታሪኩን ለአዲስ ተመልካች ቅርብ የሚያደርገውም ይህ ነው።

የሁለቱን መለወጥ በጥንቃቄ ይመልከቱት። ፊሊፕ የራሱን ፍላሽ ቀበቶው ላይ ሲሰካ ፍላሹ ከእርሱ ዘንድ ጠፍቶ ሾታሮ ቀበቶ ላይ ይታያል። ሾታሮ ያንን ገፍቶ ካስገባ በኋላ የራሱን ጨምሮ ቀበቶውን ወደ ሁለት ጎን ሲከፍተው፣ የፊሊፕ ሰውነት ያለ ነፍስ እንዳለ ሰው ይወድቃል፤ አእምሮው ግን ከሾታሮ ጋር በአንድ አካል ውስጥ ይገባል። የሚወጣው ጀግና ቀኝ ጎኑ አረንጓዴ፣ ግራው ጥቁር ነው። ፊሊፕ ሲናገር የቀኙ ዓይን፣ ሾታሮ ሲናገር የግራው ዓይን ብልጭ ይላል። እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ፍላሽ ስላላቸው በጠቅላላው ዘጠኝ ዓይነት ቅንጅት ይገኛል፤ የትኛው ቅንጅት ለየትኛው ጠላት እንደሚበጅ መገመት ከታሪኩ ጨዋታዎች አንዱ ነው።

አሁን እንዴት መመልከት እንደሚሻል ወደሚለው እንምጣ። በደብል እያንዳንዱ የወንጀል ጉዳይ በሁለት ክፍል ይጠናቀቃል። አንዱ ክፍል ወደ 24 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ ሁለቱን አጣምረው ቢያዩ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሙሉ ታሪክ ያገኛሉ። አንዱን ብቻ አይቶ ማቋረጥ የመርማሪ ታሪክን መሐል ላይ ዘግቶ «አልገባኝም» እንደማለት ነው። ለመፍረድ አራት ክፍሎች ይበቃሉ። ከአራቱ በኋላ ሾታሮና ፊሊፕ ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ ምንም ጉጉት ካላደረብዎት እስከ መጨረሻው ራስዎን አያስገድዱ፤ ከዚህ በታች ከምጠቅሳቸው አንዱን ይሞክሩ። በአንጻሩ ከወደዱት፣ ወደ መሐሉ ገደማ ቴሩይ ርዩ የተባለው የፖሊስ መርማሪ ሁለተኛ ራይደር ሆኖ ሲገባ ታሪኩ ይበልጥ እየጠነከረ እንደሚሄድ ይወቁ።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቁበት ነገር የጀግናው ልብስ ነው። ፊቱ አይንቀሳቀስም፣ አፉ አይከፈትም፣ ድምፁ ከሌላ ሰው ይመጣል። ነገር ግን የዚህ ዓይነት ፊልም፣ ጃፓኖች ቶኩሳትሱ የሚሉት፣ ዋናው ጥበብ ያለው እዚያው ነው። ጭምብሉን ያጠለቀው ሰው ቁጣን፣ ድንጋጤንም ሆነ ፌዝን የሚያስተላልፈው በአንገቱ ዘንበል ማለት፣ በትከሻውና በጣቶቹ ብቻ ነው። በዚህ ሙያ ስሙ የገነነው ሴይጂ ታካኢዋ ከ2001 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት፣ ከአንዱ በቀር፣ የዋናዎቹን ራይደሮች ልብስ የለበሰ ተዋናይ ነው። በደብል ሁለት ሰዎችን በአንድ አካል መጫወት ነበረበት፤ ችኩሉ ሾታሮ የበላይ ሲሆን አቋሙ አንድ ነው፣ ረጋ ያለው ፊሊፕ ሲያመዝን ደግሞ ሌላ ይሆናል። አንድ ጊዜ የውጊያውን ትዕይንት ድምፁን አጥፍተው ይመልከቱት፤ ከዚያ በኋላ ልብሱ አያስቅዎትም። ቢያስቅዎትም ችግር የለውም፣ አዘጋጆቹም አልፎ አልፎ እንድንስቅ ይፈልጋሉ።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ይህ እሑድ ጠዋት ለልጆች የሚቀርብ ፊልም መሆኑና የመጫወቻ አምራቹ ባንዳይ ከጀርባው መኖሩ ነው። ቀበቶዎቹ የሚጮኹት፣ ጀግናው በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ መልክ የሚያወጣው መደብር ውስጥ የሚሸጥ ነገር ስላለ ነው። ይህን መካድ አያስፈልግም። ይልቅስ ጎበዝ ደራሲ ሊሸጥ ግድ የሆነውን ዕቃ እንዴት የታሪኩ አካል እንደሚያደርገው መታዘብ ራሱን የቻለ ደስታ አለው፤ የደብል ዋና ደራሲ ሪኩ ሳንጆም ከእነዚህ አንዱ ነው።

ሲያዩ ድምፁ ጃፓንኛ ሆኖ ከሰብታይትል ጋር ቢሆን ይመረጣል። በሰብታይትሎች የስም ቅደም ተከተል እንዳይደናገሩ፤ ጃፓኖች የቤተሰብ ስም ስለሚያስቀድሙ ያው ሰው አንድ ቦታ ሂዳሪ ሾታሮ፣ ሌላ ቦታ ሾታሮ ሂዳሪ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ቶኤይ በ2020 በከፈተው ዓለም አቀፍ የዩቲዩብ ቻናሉ የበርካታ የቆዩ ሥራዎቹን የመጀመሪያ ክፍሎች በነጻ ስላቀረበ፣ ከዚህ ቤት የወጡ ፊልሞችን ለመቅመስ ጥሩ በር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ተከታታዩን ሳይጨርሱ የፊሊፕን ስም በኢንተርኔት አይፈልጉ። አድናቂዎች ስለ ገጸ ባሕርያቱ የሚጽፏቸው መግለጫዎች ማንነቱን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ያፈርጡታል።

የሲኒማ ፊልሞቹም ግራ ሲያጋቡ ይታያል። በጃፓን ተከታታዩ በቴሌቪዥን እየታየ ሳለ በኦገስት ገደማ አንድ የሲኒማ ፊልም፣ በዲሴምበር ገደማ ደግሞ አዲሱንና ያለፈውን ዓመት ጀግና የሚያገናኝ ሌላ ፊልም ይወጣ ነበር። ቀላሉ መንገድ ተከታታዩን ጨርሶ ወደ ፊልሞቹ መሄድ ነው። ሾታሮና ፊሊፕ የተገናኙበትን ሌሊት በሙሉ የሚተርከው የዲሴምበር 2009 ፊልም ግን ለሁለተኛው አጋማሽ ስሜት ስለሚጨምር እስከ መጨረሻው ባይቆይ ይሻላል።

ከደብል በኋላ የሚሄዱበት መንገድ እንደ ምርጫዎ ይለያያል። ጠንከር ያለ፣ ለአዋቂ የሚመጥን ታሪክ ከፈለጉ የ2000ውን ኩጋን ይመልከቱ። ጆ ኦዳጊሪ የሚጫወተው ጎዳይ ዩሱኬ ሁለት ሺህ ሙያ ለመቁጠር የበቃ፣ ፈገግታ የማይለየው፣ መደባደብ ግን ከልቡ የማይወድ ሰው ነው። ታሪኩ የፖሊስ ምርመራ ያህል ይጠነቀቃል፤ እያንዳንዱ ትዕይንት የተፈጸመበት ቦታና ሰዓት በስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ገዳዮቹ ፍጥረታት የራሳቸውን ቋንቋ ያለ ትርጉም ስለሚነጋገሩ፣ ተመልካቹ እንደ ፖሊሶቹ ሁሉ የግድያውን ሕግ ከድርጊታቸው ብቻ መፍታት አለበት። ሁለተኛው ክፍል ላይ ጎዳይ በሚነድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ፣ የማንንም እንባ ማየት እንደማይፈልግ ለመርማሪው ኢቺጆ ሲናገር የሚለወጥበት ትዕይንት፣ በእኔ ግምት የዚህ ሁሉ ሥራ ልብ ነው። መሳቅ ለሚፈልግ ደግሞ የ2007ቱ ደን-ኦ አለ። ዕድለ ቢሱን ሪዮታሮን ጠባያቸው የማይገጣጠም መናፍስት መሳይ ፍጥረታት እየተፈራረቁ ይገቡበታል፤ ወጣቱ ተዋናይ ታኬሩ ሳቶም በእያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ሰው ይሆናል። ቀስ ብሎ የሚጨልም ታሪክ የሚወድ በገን ኡሮቡቺ የተጻፈውን የ2013 ጋይምን ይሞክር፤ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የጭፈራ ቡድኖች ፉክክር ስለሚመስሉ ትዕግሥት ይጠይቃል።

የ1971ዱን ወደ ኋላ ያቆዩት። ሲደርሱበትም 98ቱን ክፍል ለመጨረስ አይጨነቁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አይተው ወደ 14ኛው ይዝለሉ። ዋናው ተዋናይ ሂሮሺ ፉጂዮካ በቀረጻ ላይ ከሞተር ወድቆ እግሩ ስለተሰበረ፣ አዘጋጆቹ ሁለተኛ ራይደር ፈጥረው ያስገቡት በዚያ ጊዜ ነው። በዓለም የታወቀው፣ እጅ እየዘረጉ «ሄንሺን» ብሎ የመለወጥ ሥርዓትም የተጀመረው በዚህ በሁለተኛው ነው። ከልጆች ጋር ለማየት ካሰቡ ግን ከቴሌቪዥን ውጭ ለአዋቂዎች የተሠሩትን፣ ማለትም የ2016ቱን አማዞንስና የ2022ቱን ብላክ ሰንን፣ ከዝርዝርዎ ያውጡ፤ ስማቸው ካሜን ራይደር ቢሆንም ደምና ጭካኔ የበዛባቸው ናቸው።