«በሞቴ» ሳትባሉ ግቡ፦ ከጎንደር ወደ ታሪካዊ የጥቁሮች ኮሌጅ ለምትሄዱ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች

ከጎንደር ተነስታችሁ በአሜሪካ ካሉት ታሪካዊ የጥቁሮች ኮሌጆች በአንዱ ትምህርት ልትጀምሩ የተዘጋጃችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ሻንጣችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት ስለ ይሉኝታ ላሳስባችሁ እወዳለሁ። እኛ ዘንድ እንግዳ «ብላ» ስለተባለ ብቻ እጁን አይሰድም፤ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል፣ የቤቱ እመቤትም «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ብላ ታጎርሰዋለች። እዚያ ግን «ይበቃኛል» ያለ ሰው እንደ ቃሉ ይተዋል። የማጠናከሪያ ትምህርቱም፣ አማካሪውም፣ የመምህሩ የቢሮ ሰዓትም (መምህሩ ተማሪ ለማነጋገር በቢሮው የሚቀመጥበት ሰዓት) በራቸውን ከፍተው ይጠብቋችኋል እንጂ ማንም እጃችሁን ይዞ አያስገባችሁም፤ ይህን ቀድሞ ያወቀ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት ግማሽ ከብክነት ያድናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የምትገቡበትን ቤት እወቁ። የአሜሪካ ሕግ «ታሪካዊ የጥቁሮች ኮሌጅ» ብሎ የሚጠራቸው ከ1964 በፊት የተቋቋሙና ዋና ዓላማቸው ጥቁር አሜሪካውያንን ማስተማር የነበረ ተቋማትን ነው (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ ዛሬ ቁጥራቸው ወደ 100 ይጠጋል። ከእነዚሁ መካከል የዋሽንግተኑ ሃዋርድ በ1867፣ የአላባማው ቱስኬጊ በ1881 ሲመሠረቱ አብዛኞቹ የሀገሪቱ ኮሌጆች ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛም ሰዎች አሉበት። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት በሃዋርድ ሲሆን፣ ጣሊያን ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ድጋፍ ያስተባበሩት እሳቸው ናቸው፤ ከ1922 ጀምሮ በዚያው የአፍሪካን ታሪክ ያስተምሩ የነበሩት ዊሊያም ሊዮ ሃንስበሪም የቅርብ ወዳጃቸው ነበሩ። በዚያው ጦርነት ለእኛ አውሮፕላን ያበረረው ጆን ሮቢንሰን ደግሞ የቱስኬጊ ተማሪ ነበር። እንግዲህ ከሀገር ልጆች ጋር ብቻ ተሰብስቦ «እኛ እኮ ሌላ ነን» ማለት ውለታ መርሳት ይመስለኛል። በተለይ ዋሽንግተን የምትሄዱ ተጠንቀቁ፤ በዚያ ከተማ ሐበሻው ብዙ ስለሆነ፣ ካልጠነከራችሁ በስተቀር ዓመቱ ከአማርኛ ሳትወጡ ሊያልቅ ይችላል።

እጅግ የሚከብዳችሁ በክፍል ውስጥ መናገር ነው። እኔ ያደግሁት መምህር ሲናገር አንገት ደፍቶ ማዳመጥ ጨዋነት በሆነበት ትምህርት ቤት ስለነበር፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር መምህራችን ወደ እኔ ባዩ ቁጥር ዓይኔን ወደ ደብተሬ እመልስ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት የጽሑፍ ሥራዬ ሲመለስልኝ በኅዳጉ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «ይህን ሐሳብ ከክፍሉ ለምን ትደብቃለህ?» የሚል አገኘሁ። ቢሯቸው በር ላይ ቆሜ ብዙ ካመነታሁ በኋላ ስገባ፣ ከእንግዳው ወንበር ላይ የተቆለለውን መጽሐፍ በሁለት እጃቸው አንስተው መሬት ላይ አኖሩና አስቀመጡኝ። ከጠቅላላው ውጤት አንድ አምስተኛው በክፍል ተሳትፎ የሚያዝ መሆኑን፣ እስከዚያ ቀንም ከእሱ ምንም እንዳላገኘሁ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። በመጀመሪያው ቀን በታደለው የኮርስ መርሐ ግብር ላይ ተጽፎ ነበር፤ አላነበብኩትም።

ስለዚህ መርሐ ግብሩን በተሰጣችሁ ዕለት እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ የፈተናውንና የአሳይመንቱን ቀን በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ አውጥታችሁ ከአልጋችሁ ራስጌ ለጥፉት። በየክፍለ ጊዜው ቢያንስ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ እንግሊዝኛው ቢያስፈራችሁ ማታ ጽፋችሁት ግቡ። ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ በቢሮ ሰዓት ሄዳችሁ «ያልገባኝ ይህ ነው» በሉ፤ ስትናገሩም ዓይን ዓይናቸውን እዩ፣ ድፍረት አይደለም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላስጠንቅቅ፦ በእኛ ዘንድ ሥራውን ለጓደኛው ያላስገለበጠ ተማሪ ንፉግ ይባላል፣ እዚያ ግን ገልባጩም አስገልባጩም ሊቀጡ፣ እስከ መባረርም ሊደርሱ ይችላሉ።

የቪዛውን ነገር በአጭሩ ልናገር። በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ የሚማር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት፤ ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ ከግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል፣ በመጀመሪያው ዓመት ግን ከግቢ ውጭ መሥራት አይችልም። ኮርስ ድሮፕ ከማድረጋችሁ (የተመዘገባችሁበትን ትምህርት ከመተዋችሁ) በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮን ጠይቁ፤ ከጓደኛ የሰማችሁት አይበቃም።

በመከር ወራት የቀድሞ ተማሪዎች ወደ ኮሌጃቸው የሚመለሱበት ሆምካሚንግ የተባለ በዓል ይከበራል። ለጥምቀት ከየሀገሩ ወደ ጎንደር የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ሽማግሌው ከሕፃኑ ጋር በማርሽ ባንዱ ይጨፍራል፣ የተመራቂው ዓመተ ምሕረት ይጠራል። ያን ቀን ፈተና አለብኝ ብላችሁ ዶርም ዘግታችሁ አትቀመጡ። ከሐኪሙም ከመሐንዲሱም ጋር የምትተዋወቁት ያን ጊዜ ነው፤ ለሥራ ልምምድ ስታመለክቱ የሚያስታውሳችሁ ሰው ይኖራል።

የዶርም ጓደኛዬ የጆርጂያ ልጅ ነበር። ቤተሰብ ተሰብስቦ ማዕድ ለሚቆርስበት የአሜሪካውያን የምስጋና ቀን ቤቱ ሲጋብዘኝ በይሉኝታ ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩ፣ ሦስተኛ ጊዜ እንደማይጠይቀኝ ሲገባኝ ግን ራሴ ሄጄ «እመጣለሁ» አልኩት። ሴት አያቱ ገና በሩ ላይ እጄን ይዘው «ወገኖችህ እነማን ናቸው?» አሉኝ፤ የእኛው «የማን ልጅ ነህ?» ማለት ነው። አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን ቆጠርኩላቸው፣ እሳቸውም እያንዳንዱን ስም ከአፌ እየተቀበሉ ደገሙት። እንዲህ ያለው ግብዣ የሚመጣው በኅዳር ስለሆነ እናቶቻችሁ የቋጠሩላችሁን ዳቦ ቆሎ እስከዚያ አትጨርሱት፤ ባዶ እጅ አይኬድም።