ለኤአይ ኤጀንት የተሠራ የኖሌጅ ግራፍ መፈለጊያ ሰነዱ እንዴት ይጻፋል?

ኤጀንቱ፣ ማለትም መሣሪያዎችን እየጠራ ሥራ የሚሠራው የኤአይ ፕሮግራም፣ የመሣሪያችሁን (የመፈለጊያውን) ኮድ አያይም። ሞዴሎችን ከመሣሪያዎች ጋር በሚያገናኘው በሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልም ሆነ በሌላ መንገድ ሲገናኝ የሚደርሰው የመሣሪያው ስም፣ መግለጫውና የሚቀበላቸው ግቤቶች ዝርዝር ነው። እዚያ ላይ ያልሰፈረውን በግምት ይሞላዋል። ኖሌጅ ግራፍ ነገሮችንና በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት የሚመዘግብ የመረጃ ቋት ነው። እዚህ በምሳሌነት የምንወስደው የዊኪፔዲያ እህት የሆነውን ዊኪዳታን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ሊሞክረው ይችላል። የራሳችሁን ግራፍ በኒዮ4ጄ የግራፍ ዳታቤዝ ብትሠሩትም አካሄዱ አይለወጥም።

መጀመሪያ ሥራውን ለሁለት መሣሪያ ክፈሉት። በዊኪዳታ ሁሉም ነገር ቁጥር አለው፦ ኢትዮጵያ ኪው115፣ አዲስ አበባ ኪው3624፣ “ዋና ከተማ” የሚለው ግንኙነት ደግሞ ፒ36 ነው። አንዱ መሣሪያ ስም ተቀብሎ ቁጥር ይስጥ፤ ሌላው ቁጥር ተቀብሎ መረጃ ያምጣ። በሁለተኛው መግለጫ መጀመሪያ ላይ “ቁጥሩን ከስም ፈላጊው ውሰድ፤ ከትውስታህ አትጻፍ” ብላችሁ አስፍሩ። ሞዴሎች ቁጥር ከራሳቸው ይፈጥራሉ። የተሳሳተው ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ ነገር ትክክለኛ ቁጥር ሆኖ ስለሚገኝ ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም። ስለ አንድ ከተማ ተጠይቆ የሌላውን መረጃ በሙሉ ልብ ይመልሳል፤ ከሁሉም ስህተት ለመያዝ የሚያስቸግረው ይሄ ነው።

ከዚያ መግለጫውን ጻፉ። ከሦስት እስከ አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጠራ፣ መቼ እንደማይጠራ፣ ምን እንደሚመልስ። ለስም ፈላጊው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

“የሰው፣ የቦታ ወይም የክስተት ስም ተቀብሎ እስከ 5 እጩዎችን ከነቁጥራቸውና ከአጭር መግለጫቸው ያመጣል። ስለ አንድ ነገር መረጃ ከማምጣትህ በፊት ጥራው። ለዕለት ዜናና ለአስተያየት አትጠቀምበት። ከአንድ በላይ እጩ ከመጣ መግለጫቸውን አንብበህ ምረጥ፤ መለየት ካልቻልክ ተጠቃሚውን ጠይቅ።”

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትዘሏት። ተጠቃሚው “ዓድዋ” ሲል ከተማዋን ይሁን የ1896ቱን (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ከስሙ ብቻ አይታወቅም። በአማርኛ ሌላም ጣጣ አለ፦ ዓድዋና አድዋ፣ ፀሐይና ጸሀይ ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ የሚያመጣውን ሥራ በኮዱ ውስጥ ጨርሱትና በሰነዱ ላይ “የፊደል ልዩነት ችግር አያመጣም” በሉ። ለኤጀንቱ ከተተወ አንዴ ሞክሮ “አልተገኘም” ይላል። የአማርኛ ስም ያልገባላቸው ነገሮችም ብዙ ስለሆኑ ፍለጋው ከአማርኛ ቀጥሎ ወደ እንግሊዝኛ እንደሚሄድ ጥቀሱ።

ለእያንዳንዱ ግቤት ዓይነቱን፣ ካልተሞላ የሚወስደውን ዋጋ፣ ከፍተኛውን ገደብና አንድ ምሳሌ ስጡ። ጥንቃቄ የሚፈልገው የጥልቀት ግቤት ነው፤ ፍለጋው ከአንድ ነገር ተነሥቶ ስንት ግንኙነት እንደሚሻገር የሚወስነው እሱ ነው። ካልተሞላ 1፣ ቢበዛ 2 ይሁን። “አገር” በሚለው ግንኙነት፣ በፒ17፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚያመለክቱት ነገሮች በሺዎች ይቆጠራሉ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ሲጨመር ጥያቄው ይፈነዳል፤ ለሁሉም ክፍት የሆነው የዊኪዳታ መጠይቂያም በ60 ሰከንድ ያቋርጠዋል። የውጤቱን ብዛት በ25 ከገደባችሁት ሲቆረጥ “ተቆርጧል፣ ሌላም አለ” የሚል ምልክት አብሮ ይምጣ። አለበለዚያ ኤጀንቱ 25ቱን ጠቅላላ ቁጥር አድርጎ ይነግራል።

የሚመለሰውን መረጃ ቅርጽ በምሳሌ አሳዩ። የሕዝብ ብዛትን ብንወስድ ለአንድ ከተማ የተለያየ ዓመት ቁጥሮች ይመዘገባሉ። በዊኪዳታ አጭሩ የመጠይቅ አጻጻፍ “ተመራጭ” ተብሎ የተለየውን ብቻ ያመጣል፤ የተለየ ከሌለ ግን በመደበኛ ደረጃ ያሉትን በሙሉ። ዓመታቸው አብሮ ካልመጣ ኤጀንቱ የመጀመሪያውን አንስቶ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር የቀን መለያ በሆነው በፒ585 ከተመዘገበው ቀኑና ከምንጩ ጋር ይመለስ፤ ቀን ከሌለውም “ቀን የለውም” ይባል።

በሰነዱ ውስጥ በጣም ሊደከምበት የሚገባው ነገሮች ሲበላሹ ምን ይደረግ የሚለው ክፍል ነው። ባዶ ውጤት ሲመጣ “በግራፉ አልተመዘገበም ማለት ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም” ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ለአንድ ሰው ሁለት ልጆች ተመዝግበው ከተገኙ ኤጀንቱ “ሁለት ልጆች ተመዝግበዋል” ይበል፤ “ሁለት ልጆች ነበሩት” ለማለት ማስረጃ የለውም። ጊዜው አልቆ ከተቋረጠ ያንኑ ጥያቄ መድገም ዋጋ የለውም፤ ጥልቀቱን ይቀንስ። 429 የሚል የስህተት ቁጥር ከመጣ ጥያቄ በዝቷል ማለት ነውና አገልጋዩ የነገረውን ያህል ጠብቆ ይሞክር። መሣሪያው ራሱን በዩዘር-ኤጀንት (ከጥያቄው ጋር በሚላክ የፕሮግራሙ መለያ ጽሑፍ) ካላስተዋወቀ ሊታገድ እንደሚችልም ለሚጭነው ሰው በተለየው ገጽ ላይ አስፍሩ፤ ይሄ የኤጀንቱ ጉዳይ አይደለም።

ለመፈተሽ 20 ያህል ጥያቄዎች አዘጋጁ፤ ግማሾቹ መሣሪያው ሊመልሳቸው የማይገቡ ወይም መልሳቸው በግራፉ የሌለ ይሁኑ። ኤጀንቱ ምን እንደጠራ፣ በየትኛው ግቤት እንደጠራ መዝገቡን ተመልከቱ። መልሱ ትክክል ሆኖ ቁጥሩን ከራሱ አምጥቶ ከሆነ አልፏል አትበሉ። ሲሳሳት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀይራችሁ እንደገና ሞክሩ፤ አምስቱን በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳስተካከለው አይታወቅም።

ሰነዱ የተፈተሸበት ቀንም ይጻፍበት። እ.ኤ.አ. በ2025 የዊኪዳታ መጠይቂያ ለሁለት ተከፍሎ የሳይንሳዊ ጽሑፎች መረጃ ከዋናው ግራፍ ስለወጣ፣ ሁለቱን አጣምረው ይጠይቁ የነበሩ መሣሪያዎች መጠይቃቸውን እንደገና መጻፍ አስፈልጓቸዋል።