ጥቁር ድፍድፍ ነዳጅ ላይ ክላውድ ፖይንት እንዴት ይለካል?

ጅማ ተቀምጦ ድፍድፍ ነዳጅ በመርከብ ስለመጫን ማውራት ግር ይል ይሆናል። ግን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ልጆች፣ ይሄ ነገር ቅርባችሁ ነው። የኬንያው ቱርካና ድፍድፍ ሰም የበዛበት ነው፤ ሞምባሳ የደረሰውም ሙቀት በሚይዙ ኮንቴይነሮች ተጭኖ ነው። ናይል ብሌንድ የሚባለው የሱዳን ድፍድፍም እንደዚያው ሰም ይበዛበታል።

ሁለት ነገር አታምታቱ። ክላውድ ፖይንት ነዳጁ ሲቀዘቅዝ የመጀመሪያዋ የሰም ቅንጣት የምትታይበት ሙቀት ነው። ፖር ፖይንት ደግሞ ነዳጁ አሁንም መፍሰስ የሚችልበት ዝቅተኛው ሙቀት ነው። በመሃላቸው ብዙ ዲግሪ ሊኖር ይችላል። «ይፈሳል እኮ» ተብሎ ሲታለፍ ሰሙ የታንኩን ግድግዳ ይይዛል፣ ሲራገፍ እዚያው ይቀራል፣ ተረካቢውም የተጫነውን ያህል አያገኝም።

ለናፍጣ የሚሠራበት ኤኤስቲኤም ዲ2500 የተባለው መደበኛ የመለኪያ ዘዴ በዓይን በማየት የሚሠራ ነው፤ ናሙናው በ40 ሚሊሜትር ውፍረት ብርሃን ማሳለፍ አለበት። ድፍድፍ ጥቁር ስለሆነ እዚህ አይሆንም። ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ያለው ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋችኋል።

ናሙናውን ክዳኑን ሳትከፍቱ ዋተር ባዝ (የሚሞቅ የውሃ ገንዳ) ውስጥ አሙቁ፤ ከምትጠብቁት ክላውድ ፖይንት ቢያንስ 20 ዲግሪ በላይ ይድረስ። ዕቃው እስከ አፉ አይሞላ፣ እሳት ዝር አይበል። ክፍት ከሆነ ቀላሉ ክፍል ይተናል፤ ሰሙን አሟሙቶ የያዘው እሱ ስለሆነ ቁጥራችሁ ከእውነቱ ከፍ ይላል። ከሥር የተኛው ሰም እንዲቀላቀል ቀስ ብላችሁ አገላብጡት። ጅማ ላይ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ከዚያ በላይ ማሞቅ ካስፈለገ ውሃውን በዘይት ቀይሩ።

አንድ ጠብታ በሞቀ ስላይድ ላይ አድርጋችሁ በስስ መስታወት ሸፍኑና ሙቀቱ የሚስተካከል ማሞቂያ ላይ አስቀምጡ። ሁለቱን ፖላራይዘሮች እርስ በርስ በ90 ዲግሪ አዙሯቸው፤ የምታዩት ሁሉ ድቅድቅ ጥቁር ይሆናል። በደቂቃ 1 ዲግሪ ወይም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት አቀዝቅዙ። ጥቁሩ ላይ የመጀመሪያዋ ነጥብ ብልጭ ስትል ሙቀቱን ጻፉ። ግን ቶሎ አትመኗት፣ አሸዋም ያበራል። መልሳችሁ አሙቁ፤ ሰም ከሆነች ትጠፋለች፣ አሸዋ ከሆነች ንቅንቅ አትልም።

የጠፋችበትንም ሙቀት ጻፉ። ሰም ሲቀዘቅዝ ለመውጣት ስለሚዘገይ፣ ሲሟሟ የምታገኙት ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ለጭነት ማሞቂያ የምትሰጡት ከፍተኛውን ነው፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ማይክሮስኮፕ ከሌለ በቪስኮሜትር (የፈሳሽን ውፍረት በሚለካ መሣሪያ) መሥራት ይቻላል። እያቀዘቀዛችሁ ውፍረቱን ለኩ፤ የውፍረቱን ሎጋሪዝም ከ1/ሙቀት (በኬልቪን) ጋር በግራፍ ስታስቀምጡ ቀጥ ብሎ የመጣው መስመር የሚታጠፍበት ቦታ ነው የምትፈልጉት። መስመሩ የሚታጠፈው በቂ ሰም ከወጣ በኋላ ስለሆነ ግን ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል።

ሪፖርቱ ላይ ዘዴውንና የማቀዝቀዣ ፍጥነቱን አብራችሁ ጻፉ። ለመርከቡ ሰው ደግሞ ይሄን ንገሩት፦ ታንኩ መሃል ያለው ቴርሞሜትር ከክላውድ ፖይንት በላይ ቢያሳይም፣ ባሕሩ የሚያቀዘቅዘው ግድግዳ ከሱ በታች ሊሆን ይችላል።