ብቻህን ሰልፍ ልትወጣ ነው? ቆይ አቦ፣ መጀመሪያ ይህን አንብብ

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ሳይባል ያደገ ልጅ ካለ ንገሩኝ። እኛ ቤት ይህ ምክር ከጠዋት ፈጢራ ጋር አብሮ ነበር የሚቀርበው። ባለፈው ሰሞን ታዲያ የእህቴ ልጅ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤታቸው በረንዳ ላይ ጠጋ ብሎኝ «ጋሼ፣ ሰልፍ መውጣት እፈልጋለሁ፤ ግን ማንንም አላውቅም» አለኝ። 11ኛ ክፍል ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚወራው ኳስና ቲክቶክ ነው። አባቱ ዜና ሲጀምር ቻናል ይቀይራል። እሱ ግን ያነባል፣ ይናደዳል፣ የሚያወራው ሰው የለውም።

«አርፈህ ተማር» ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እኔም በሱ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ። ማንም ሳይመክረኝ ወጥቼ የሠራኋቸውን ስህተቶች እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም። እነሱን ነገርኩት። እዚህም ልጻፋቸው።

ብቻን መውጣት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የቀሩት አብዛኞቹ ከሱ ይወለዳሉ።

17 ዓመቴ ነበር። ለእናቴ «ቲቶሪያል አለን» ብዬ ከሳቢያን እስከ ከዚራ በእግሬ ሄድኩ። ያውም በነጠላ ጫማ። ሰልፉ በሰላም ተጀመረ፤ በሰላም አለቀ ማለትም ይቻላል። ነገር የመጣው ሰው መበተን ሲጀምር ነው። ደቻቱ ወንዝ አካባቢ ጥቂት ልጆች ድንጋይ አነሱ። ከየት እንደመጡ አላየሁም። ሰው ሮጠ፣ እኔም ሮጥኩ። አንዱ ጫማዬ እዚያው ቀረ። አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመና ሹፌሩ «ግባ አቦ! ምን ትገተራለህ?» ብሎ ጎትቶ አስገባኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ በመስታወቱ እያየኝ «ለመሆኑ ምን ፈልጋችሁ ነው የወጣችሁት?» አለ። አፌን ከፈትኩ። የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ቤት ስገባ እናቴ መጀመሪያ ያየችው እግሬን ነው። ዱላ ስጠብቅ «ከማን ጋር ነበርክ?» አለችኝ። «ብቻዬን» ስላት ነው የጮኸችው።

ያኔ ግራ ገባኝ። ከመውጣቴ ይልቅ ብቻዬን መሆኔ ለምን አናደዳት? በኋላ ነው የገባኝ። ብቸኛ ልጅ ሰልፍ የሚወጣው ለጥያቄው ብቻ አይደለም፤ ሰው ፍለጋም ነው። ስንት ጊዜ ዝም ብለህ ከርመህ ድንገት ይህ ሁሉ ሰው ካንተ ጋር አንድ ቃል ሲጮህ ሰውነትህን ይነዝርሃል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን በዚያ ስሜት ውስጥ ያለ ልጅ «ወደዚህ!» ካሉት ወደዚያ ነው የሚሮጠው። እጁን ይዞ «በቃን፣ እንሂድ» የሚለው የለም። ቢወድቅ የሚያነሳው፣ ቢያዝ ለቤተሰቡ የሚደውልለት የለም።

ስለዚህ ሰልፉን ከመፈለግህ በፊት ሁለት ሰው ፈልግ። ሁለት ይበቃል። ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ገብተህ ጽሑፍ አንብብ፤ «ይህን ማን ጻፈው?» ብሎ የሚመጣ አንድ ልጅ አይጠፋም። የዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ላይ ደወል ተደውሎም ጥያቄ የሚጠይቀውን ልጅ ልብ በለው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጋዜጣ የምታገላብጠውን ልጅም እንዲሁ። ደግሞ ወሬውን «የማን ደጋፊ ነህ?» ብለህ እንዳትጀምር። እኛ ከተማ ይህ ጥያቄ «ዘርህ ምንድን ነው?» እንደማለት ነው የሚሰማው፤ ሰው ወዲያው ይዘጋል። «ሽንት ቤታችን ለምን ውሃ የለውም?» ብለህ ጀምር። በዚህ የሚከፋ ሰው አይቼ አላውቅም።

ማን እንደጠራው ሳያውቁ መሄድ

የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቴሌግራም ላይ የደረሰውን ጥሪ አሳየኝ። ቀይ ጽሑፍ፣ የተጨበጠ እጅ፣ ቀንና ሰዓት። የጠሪው ስም ግን የለም። «ማን ነው የጠራው?» ስለው «ሕዝቡ» አለኝ። ሕዝቡ ቴሌግራም አይከፍትም፣ ወንድሜ።

ሕጉን ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር በመሆን፣ መሣሪያ ሳይዝ፣ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የማድረግ፣ አቤቱታም የማቅረብ መብት አለው ይላል። 18 ዓመት የሞላው ሰው አይልም። «ከሌሎች ጋር በመሆን» የምትለዋን ልብ በልልኝ። እናቴ ሕገ መንግሥቱን ሳታነብ ነው የደረሰችበት።

አፈጻጸሙ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። ሰልፍ የሚጠራ ሰው 48 ሰዓት ቀድሞ ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ያሳውቃል። ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን ይገልጻል። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ሰዓቱ ይቀየር ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ጨርሶ መከልከል አይችልም። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው። መንገድ ላይ ግን የምትሰማው «እውቅና አለው ወይስ የለውም?» የሚለውን ነው፤ እውቅና የለውም የተባለ ሰልፍ እንደ ሕገ ወጥ ነው የሚታየው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። የ2009ኙን የሚያስታውስ ያስታውሳል። አንተ ልጅ ነህና ለመብቱ ስፋት መከራከሩን ለጠበቆች ተውላቸው። ጠሪው ማን ነው? ደብዳቤ አስገብቷል? ምን ተባለ? እነዚህን ሳታውቅ ከቤት አትውጣ።

ጥያቄውንም እወቅ። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲወጡ ጥያቄያቸው «መሬት ለአራሹ» ነበር። ሁለት ቃል። የባጃጅ ሹፌር ቢጠይቃቸው መልስ ነበራቸው።

የድጋፍ ሰልፍም ሰልፍ ነው፣ በነገራችን ላይ። ከክፍል አውጥተው ባንዲራ አስይዘው ያሰለፉን ቀን ለምን እንደወጣን የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ትምህርት ስለቀረ ደስ ብሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ፈገግ ያለልህን ሁሉ ማመን

ብቸኛ ልጅ ከሩቅ ይታወቃል። ሰልፍ ዳር ቆመህ ስትቁለጨለጭ አንድ ታላቅህ የሚሆን ሰው መጥቶ ትከሻህን ይይዝሃል። «ጀግና ነህ!» ይልሃል። ቲሸርት ይሰጥሃል፣ ለስላሳ ይገዛልሃል። ከሳምንት በኋላ «እስኪ ይቺን ወረቀት በትንልኝ» ይመጣል። ሰውየው መጥፎ ላይሆን ይችላል። ግን እሱ ራሱ የማይበትነውን ወረቀት አንተ ለምን ትበትናለህ? የሚሰጥህን ባንዲራም ሆነ መፈክር ሳታነብ አትያዝ። እዚህ አገር አንድ ጨርቅ ላይ ዓርማ መኖር አለመኖሩ ብቻ ሰው ያሳስራል።

ቤት መዋሸት

«ቲቶሪያል» ያልኩት እኔ ነኝና ስለዚህ ብዙ የምሰብክበት አፍ የለኝም። አባትህ እሺ እንደማይልህ አውቃለሁ። ግን ከዘመድ መካከል አንድ ሰው ማወቅ አለበት። አክስት ትሁን፣ ታላቅ ወንድም ይሁን። የት እንደምትሄድ፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለስ ንገር። «እስከ 6 ሰዓት ካልደወልኩ ፈልጉኝ» በል።

ለምን መሰለህ? የወንጀል ሕጋችን ልጅ የሚለው አንተ እንደምታስበው አይደለም። ለወጣት አጥፊዎች የተለየው ክፍል ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ነው። ከ15 በላይ ከሆንክ 18 ባይሞላህም የምትጠየቀው በመደበኛው ሕግ ነው፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልልህ ይችላል እንጂ። ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ ዝም አለ። 17ኛውን ሊይዝ ሁለት ወር ቀርቶታል።

ዩኒፎርም

በዩኒፎርም አትውጣ። ይህን ያህል አጭር ነው። ዩኒፎርምህ ትምህርት ቤትህን ይናገራል፤ ሰኞ የሚጠሩት ደግሞ ርእሰ መምህሩን ነው። ከክፍል ፎርፈህም አትሂድ። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስንት ወር እንደቀረህ ታውቃለህ።

ስልክን እንደ ጋሻ ማየት

ላይቭ የገባ ልጅ ካሜራው የሚጠብቀው ይመስለዋል። ካሜራው ግን አጠገቡ ያለችውን ልጅ ፊት ለሁሉም ያሳያል፤ እሷ ደግሞ ቤቷ ሌላ ነገር ብላ ይሆናል የወጣችው። የሰው ፊት አትቅረጽ። ያላየኸውን «ሰው ሞቷል» ብለህ አትለጥፍ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ያስጠይቃል፤ «ሼር ብቻ ነው ያደረግኩት» ማለት ብዙም አያዋጣም። ኢንተርኔት ሊጠፋ ይችላል። ስልክህም ሊወድቅ ይችላል። የእናትህን ቁጥር በቃልህ ታውቀዋለህ? የእህቴ ልጅ አያውቀውም ነበር። ወረቀት ላይ ጽፈህ ኪስህ ክተት።

ያልገባህን መፈክር መጮህ

ይህቺ የኛ ከተማ ጉዳይ ናት። መጋላ ሰፈር ስትገባ አማርኛ የጀመርከውን ወሬ በኦሮምኛ ትቀጥልና በሶማሊኛ ትጨርሰዋለህ። ሰልፍ ላይም መፈክሩ ሲዞር ቋንቋው ይቀየራል። ዜማው ያምራል፣ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፣ አንተም ትከተላለህ። አንድ ቃል ካልገባህ አፍህን ዝጋና አጠገብህ ያለውን ጠይቅ። ሰው አያፍርብህም። ገብቶህ ሌላ ሕዝብ የሚሰድብ ሆኖ ካገኘኸው ደግሞ አትከራከር፣ አትሳደብ። ጓደኞችህን ይዘህ ውጣ። ያ ሰልፍ ያንተ መሆኑ እዚያ ላይ አብቅቷል። ነገ ጠዋት ያንን መፈክር የሰማው ጎረቤት ቤት ነው ስኳር የምትበደረው።

መውጫውን አለማወቅ

ድሬን የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። የከዚራ መንገዶች ቀጥ ያሉና ሰፊ ናቸው፣ ዛፍም አላቸው፤ ነገር ቢበላሽ ወደ ጎን የምትወጣበት አታጣም። መጋላ ውስጥ ግን ቅያሱ ይጠባል። ድልድይ ላይ ደግሞ መሀል ከገባህ መውጫህ ሁለት ብቻ ነው። «ታዲያ በደቻቱ አሸዋ ላይ እሮጣለሁ» ብለህ ይሆናል። በበጋ እሺ። በክረምት ግን ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። የ1998ቱን ክረምት ያየ ሰው ደቻቱን አይንቀውም። ሐረር ያላችሁም ከሰው ጋር እየተጋፋችሁ ጁገል ግንብ ውስጥ አትግቡ። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፤ መንገዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ አሉ።

ዳር ዳሩን ያዝ። ውሃ ያዝ፤ የድሬን ፀሐይ 5 ሰዓት ላይ አልነግርህም። የሚታሰር ጫማ አድርግ። ድንጋይ የያዘ እጅ ካየህ ደግሞ ማን እንደሆነ ለማጣራት አትቁም። እኔ ቆሜ ሳጣራ ነው ጫማዬን ያጣሁት።

ሰልፍ ብቻ ነው መንገዱ ማለት

አንቀጽ 30 ውስጥ አቤቱታም እንዳለ ረሳኸው? አቤቱታ ማንም አያጨበጭብለትም። ቪዲዮም አይሆንም። ግን 60 ተማሪ የፈረመበት ስለ ውሃ የሚያወራ ወረቀት ለርእሰ መምህሩና ለወላጅ መምህራን ኅብረት (ወመህ) ቢገባ ፈራሚው ሁሉ ነገሩን እንደሚጋራህ ታውቃለህ። ብቻዬን ነኝ ስትል የነበርከው ልጅ በአንድ ሳምንት 60 ስም አገኘህ ማለት ነው። ከነሱ ውስጥ ሁለቱን ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ፊቱ ቅር አለው፤ ሰልፍ ነበር የፈለገው። እኔም በሱ ዕድሜ ቅር ይለኝ ነበር።

የጓደኛን ሙሉ ስም አለማወቅ

ይህን የሚጽፍ ሰው አላየሁም። እንበልና ከሁለት ጓደኞችህ ጋር ወጣህ፣ አንዱ ተያዘ። ሕጉ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ይገባል ይላል። ዝም የማለት መብት አለው። ቤተሰቡም ሊጠይቀው ይችላል። መጀመሪያ ግን የት እንዳለ መታወቅ አለበት። እናቱ ስንቅ ቋጥራ ከአንዱ ፖሊስ ጣቢያ ወደ ሌላው ትዞራለች፤ አንተም አብረሃት ትሄዳለህ። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ መዝገቡን ገልጦ «ስም?» ይላል።

የእህቴን ልጅ «ያ ሚኒ ሚዲያ ላይ ያለው ጓደኛህ ስሙ ማነው?» አልኩት።

«ኪቾ።»

«ኪቾ ማን?»

አሰበ። የአባቱን ስም፣ ስም ሲጠራ ስለሚሰማው፣ ከብዙ ማሰብ በኋላ አገኘው። የአያቱን ግን አላወቀም። ስልኩን አንስቶ ደወለለት።