ክላስ ዲ አምፕሊፋየርን የሚያስጮኹ የኤረር አምፕሊፋየር ስህተቶች

የሠሩት ክላስ ዲ አምፕሊፋየር ገና ሙዚቃ ሳይገባበት ሞስፌቶቹ (እየበሩ እየጠፉ ስፒከሩን የሚነዱት ትራንዚስተሮች) ይግላሉ? ወይስ ድምፁ ከፍ ሲል ይንጣጣል? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞስፌቶቹን የሚያዘውን ጌት ድራይቨር ነው። ኤረር አምፕሊፋየሩን፣ ማለትም የሚገባውን ድምፅ ከሚወጣው ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን የሚያርመውን ክፍል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ግን እዚያ ነው።

የማወራው ስለተለመደው አሠራር ነው። አንድ ኦፕአምፕ ከሬዚስተርና ከካፓሲተር ጋር ኢንቴግሬተር ይሆናል፤ ኤረር አምፕሊፋየሩ ይህ ነው። ኮምፓሬተሩ የኢንቴግሬተሩን ውጤት ከትሪያንግል ዌቭ ጋር እያነጻጸረ ሞስፌቶቹን ያበራል፣ ያጠፋል። ወደ ኢንቴግሬተሩ የሚመለሰው ፊድባክ የሚነሳው ከሁለቱ ሞስፌቶች መገናኛ ነው፤ ከኤልሲ ፊልተሩ (ከኮይሉና ከካፓሲተሩ) በፊት። ከኢንቴግሬተሩ እስከ ሞስፌቶቹ ሄዶ በፊድባኩ የሚመለሰው ሙሉ መንገድ ሉፕ ይባላል።

ሉፑን ከልክ በላይ ማፍጠን

የስህተቶቹ አውራ ይህ ነው። ኢንቴግሬተር ፌዙን በ90 ዲግሪ ብቻ ስለሚያዘገይ፣ ሲያሰሉት ሉፑ ኦሲሌት ከሚያደርግበት (በራሱ ከሚወዛወዝበት) 180 ዲግሪ በፊት ሌላ 90 ዲግሪ ማርጂን ይተርፋል። "ታዲያ ምን ችግር አለው?" ተብሎ ካፓሲተሩ ይቀነሳል፣ ጌይኑ (የማጉላት መጠኑ) ይጨመራል። ወረቀቱ ላይ እውነትም ችግር የለም። ቦርዱ ላይ ግን ፊድባኩ ይዞት የሚመጣው ድምፁን ብቻ አይደለም። ሙሉው የስዊቺንግ ስኩዌር ዌቭ አብሮ ይመጣል። ኢንቴግሬተሩ ይህን ወደላይና ወደታች የሚሄድ መስመር ያደርገዋል። የዚህ መስመር ስሎፕ (የመውጣትና የመውረድ ፍጥነት) ከትሪያንግሉ ስሎፕ ከበለጠ፣ ሁለቱ በአንድ ዙር ሁለቴ ብቻ መቆራረጣቸው ይቀራል። ኮምፓሬተሩ በዚያው ዙር ደጋግሞ ይገለባበጣል። ሞስፌቶቹ ሥራ ፈትተው የሚግሉት ለዚህ ነው።

በቁጥር እንየው። ትሪያንግሉ ከ-2.5 እስከ +2.5 ቮልት፣ ፍሪኩዌንሲው 400 ኪሎኸርዝ ይሁን። በ1.25 ማይክሮሰከንድ 5 ቮልት ይወጣል፤ ስሎፑ በማይክሮሰከንድ 4 ቮልት ነው ማለት ነው። የኢንቴግሬተሩ ስሎፕ፣ ድምፁ ጫፍ ሲደርስ እንኳ፣ ከዚህ ማለፍ የለበትም። ይህ ገደብ ወደ ፍሪኩዌንሲ ሲቀየር፣ የሉፑ ጌይን 1 የሚሆንበት ነጥብ የስዊቺንግ ፍሪኩዌንሲው ለፓይ ተካፍሎ ከሚገኘው እንዳይበልጥ ያስገድዳል። በእኛ ምሳሌ ወደ 127 ኪሎኸርዝ ይመጣል። ይህ ጣሪያው ነው፤ እዚያ ድረስ ሂዱ ማለት አይደለም። እኔ ከ60 እስከ 80 ኪሎኸርዝ ላይ መቆምን እመርጣለሁ። ዲስቶርሽኑ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን እንቅልፍ አይነሳም።

እጅ ላይ የተገኘውን ኦፕአምፕ መጠቀም

ኤልኤም358 ርካሽ ነው፣ የትም አይጠፋም። ነገር ግን ስሉ ሬቱ (ውጤቱ ሊቀየር የሚችልበት ከፍተኛ ፍጥነት) በማይክሮሰከንድ 0.3 ቮልት ገደማ ነው። ከላይ ካለው 4 ቮልት ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ እንኳ 2 ቮልት ያስፈልግዎታል። ቲኤል072 ወደ 13፣ ኤንኢ5532 ወደ 9 ቮልት ስላላቸው ለዚህ ሥራ ይሻላሉ። እነሱም ቢሆኑ የስኩዌር ዌቩን ስለታም ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ስለማይከተሉ፣ በኢንቨርቲንግ እግራቸው ላይ ስፓይክ ይታያል። የፊድባክ ሬዚስተሩን ለሁለት ከፍለው ከመሃሉ ወደ ግራውንድ ትንሽ ካፓሲተር ያስገቡ። የዚህ ፊልተር ፍሪኩዌንሲ የሉፑ ጌይን 1 ከሚሆንበት ነጥብ በደንብ ከፍ ያለ ይሁን፤ አለበለዚያ ፌዝ ማርጂኑን ራሱ ይበላዋል።

ፓወር ሰፕላዩን ከስሌት ውጭ ማድረግ

የሉፑ ጌይን ከሰፕላይ ቮልቴጁ ጋር እኩል ይወጣል፣ ይወርዳል። በ±30 ቮልት 80 ኪሎኸርዝ ላይ የቆመ ሉፕ በ±45 ቮልት 120 ኪሎኸርዝ ይደርሳል፤ ጣሪያውን ሊነካ ነው። ሬጉሌተር በሌለው ትራንስፎርመር ለሚሠራ ሰው፣ መብራታችንም እንደሚዋዥቅ ስናስብ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ወይ ትሪያንግሉ ከሰፕላዩ ጋር አብሮ እንዲያድግ ያድርጉ፣ ወይ ስሌቱን በከፍተኛው ቮልቴጅ ይሥሩ።

ፊድባኩን ሳያስቡ ከፊልተሩ በኋላ መውሰድ

ሐሳቡ ያጓጓል፤ የፊልተሩም ዲስቶርሽን አብሮ ይታረማል። ግን 22 ማይክሮሄንሪ ከ0.68 ማይክሮፋራድ ጋር ወደ 41 ኪሎኸርዝ ላይ ሬዞኔት ያደርጋል። እዚያ ላይ ፊልተሩ 90 ዲግሪ፣ ኢንቴግሬተሩ ሌላ 90 ይወስዳሉ። ሉፑ በዚህ ነጥብ ጌይኑ ገና ከ1 በላይ ከሆነ ኦሲሌት ያደርጋል። ስፒከር ሳይገናኝ ከበራማ ይብሳል። ከፊድባክ ሬዚስተሩ ጋር በፓራለል የሚገባ የሬዚስተርና የካፓሲተር ሊድ ኔትወርክ ፌዙን መልሶ ያነሳል። የኦዲዮ ኢንጂነሩ ብሩኖ ፑትዜይስ ፊሊፕስ ሳለ የሠራው ዩሲዲ የተባለው የክላስ ዲ ዲዛይን ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል፤ ሉፑ ሆን ተብሎ ኦሲሌት ያደርጋል፣ ያው ኦሲሌሽን የስዊቺንግ ፍሪኩዌንሲው ይሆናል።

ክሊፒንግን አለማሰብ

አምፕሊፋየሩ ክሊፕ ሲያደርግ (ድምፁ ከሰፕላዩ አቅም በልጦ ጫፉ ሲቆረጥ) ፊድባኩ መከተል ያቅተዋል፣ ኢንቴግሬተሩም እስከ ሰፕላዩ ጫፍ ይሄዳል። ለመመለስ ጊዜ ይፈጅበታል። ሁለተኛ ኢንቴግሬተር ከተጨመረ አደጋው የከፋ ነው። ክሊፕ ሲሆን የሉፑ ጌይን ይወርዳል፤ ሉፑም ማርጂን ወደሌለበት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ተንሸራቶ ይጮኻል። በኢንቴግሬተሩ ካፓሲተር ላይ ጀርባ ለጀርባ የተያያዙ ሁለት ዜነሮች ያስሩ። ቮልቴጃቸው ከትሪያንግሉ ጫፍ ትንሽ ከፍ ይበል።

ካፓሲተሩንም ይምረጡ። ኤክስ7አር ሴራሚክ ቮልቴጅ ሲያገኝ ዋጋው ይቀያየራል። ሲ0ጂ ወይም ፊልም ይጠቀሙ።

በሳይን ዌቭ ብቻ መፈተን

ሳይን ዌቭ ብዙ ጉድ ይደብቃል። ትንሽ 1 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ዌቭ ያስገቡና ጠርዙ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ይዩ። በ4 ኦም፣ በ8 ኦም፣ ያለ ሎድም ይሞክሩት። ከዚያ በኦሲሎስኮፑ አንዱ ቻናል ትሪያንግሉን፣ በሌላው የኢንቴግሬተሩን ውጤት ደርበው ይመልከቱ፤ የፕሮቡ ግራውንድ ሽቦ አጭር ይሁን። ድምፁን እስከ ክሊፒንግ ሲጨምሩ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ዙር ከሁለት ጊዜ በላይ ከተቆራረጡ፣ ካፓሲተሩን ከፍ አድርገው እንደገና ይለኩ።